ትሉን «አንድ ዓይን ነው» አሉት

ክረምት ሲገባ የሚደርሱኝ ደብዳቤዎች ስለ ልጆች ይሆናሉ። ትምህርት ቤት ተዘግቷል፣ ውጭው ጭቃ ነው፣ ቤቱ ይጠባል። ዘንድሮ ግን ሦስት አንባቢዎች ስለ አንድ ጉዳይ ጠየቁኝ። በልጆች ካምፕ ላይ ሰው የእንስሳ ልብስ ለብሶ እየተጫወተ ሃይማኖት ሲያስተምር ደግ ነው ወይ? ነው ነገሩ። እኔም ለነገሩ እንግዳ አይደለሁም። ጡረታ የወጣሁት ከአንደኛ ደረጃ መምህርነት ነው። እሑድ እሑድ ደግሞ እዚሁ ጎንደር ሰንበት ትምህርት ቤት የሕፃናት ክፍል አስተምር ነበር። አንድ ጊዜም ትል አሰፍቻለሁ። ወደ ትሉ እመለሳለሁ።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ እትዬ። የምጽፍልዎ ከአዘዞ ነው። ዕድሜዬ 24 ነው፤ በደብራችን ሰንበት ትምህርት ቤት ሕፃናትን አስተምራለሁ። በሐምሌ መጨረሻ ለአምስት ቀን የልጆች ካምፕ ልናዘጋጅ ነው። ልጆቹ 60 ይሆናሉ፣ ከ5 እስከ 12 ዓመት። አንድ ጓደኛችን አዲስ አበባ ለልደት የሚከራይ የድብ ልብስ ሊያመጣልን ነው። «አባ ድቡ» ብለን ሰይመነዋል። እየጨፈረ ይገባና ልጆቹን ስለ እምነት ያስተምራል። እንደሚወዱት እርግጠኛ ነኝ። አንዳንድ አባቶች ግን «ቤተ ክርስቲያን ሰርከስ አይደለም» ብለው ፊት ነሱን። ጥፋት ነው ወይ? ካልሆነስ እንዴት ብናደርገው ይሻላል?

መልስ፦ ልጄ፣ ጥፋት አይደለም። «አባ ድቡ» የሚለውን ግን ዛሬውኑ ተወው።

በእኛ ዘንድ አባ የሚባለው መነኩሴው ነው፣ ካህኑ ነው። የሰባት ዓመት ልጅ ቅዳሜ የአባ ድቡን ጭራ እየጎተተ ሲስቅ ይውላል። እሑድ ደግሞ ሌላውን አባ መስቀል ሊሳለም ይቀርባል። በሆዱ ምን ይዞ ነው የሚቀርበው? አባቶች ፊት የነሱህ ግማሹ በዚህ ይመስለኛል። ስሙን ብትለውጥ ቁጣው ይበርዳል።

ድቡም ራሱ ጣጣ አለው። አገራችን ድብ የለም። ከልጆቹ ግማሹ «ውሻ ነው» ይሉሃል፤ የቀሩት «በግ ነው» ብለው ይከራከራሉ። መጽሐፍ ቅዱስ የሚሰማ ልጅ ካለ ደግሞ የሚያውቀው ድብ ምን ዓይነት ነው? አንዱ ዳዊት በግ ሲጠብቅ የገደለው ነው። ሌሎቹ በኤልሳዕ መላጣ የቀለዱትን 42 ልጆች የሰባበሩት ሁለት ድቦች ናቸው። ለልጆች ካምፕ እንኳን ደህና መጣችሁ ለማለት ይሄ ይሆናል?

እኔ የማወራህ ስለ ትሉ ነው።

ትሉ የመጣው ከቅዱስ ያሬድ ታሪክ ነው። አንተ ታውቀዋለህ፤ ለሌሎች አንባቢዎች ባጭሩ ልንገራቸው። ያሬድ በ6ኛው መቶ ዘመን የነበረ የአክሱም ሰው ነው። ልጅ ሳለ ትምህርት አልገባው አለ። አጎቱና መምህሩ አባ ጌዴዎን ገረፉት። ጠፍቶ ሲሄድ ማይ ኪራሕ በምትባል ቦታ ከዛፍ ሥር አረፈ። እዚያም አንድ ትል ግንዱን ሊወጣ ሲታገል አየ። ይወጣል፣ ይወድቃል። ስድስት ጊዜ ወድቆ በሰባተኛው ወጣ ይላሉ ሲተርኩት። ያሬድ ይህን አይቶ አፈረና ወደ መምህሩ ተመለሰ። የዜማውን መጽሐፍ ድጓውን የደረሰው፣ ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ የምንላቸውን ዜማዎች የሰጠን ይኸው ልጅ ነው። ጎንደር ላይ ደግሞ ይህ የሩቅ ወሬ አይደለም። በአታ ቤተ ክርስቲያን አቋቋም (ዜማውን በመቋሚያና በከበሮ የማቅረብ ትምህርት) ሊማር የሚመጣው ከየአገሩ ነው። ልጆቻችን የቆሎ ተማሪውን በየመንገዱ ያዩታል፣ መቋሚያውን ይነኩበታል፣ ሲያጠና ይሰሙታል።

እና አንድ ክረምት የሕፃናት ክፍሉ ያሬድን በድራማ ያሳይ ሲባል «ትሉንስ ማን ይሆናል?» አልኩ። ሁሉም ሳቁ። እኔ ግን ምሬን ነበር።

አረንጓዴ ጨርቅ ከቅዳሜ ገበያ ገዛን። ፒያሳ አካባቢ የሚሠራ አንድ ልብስ ሰፊ «ለትል ልክ ወስጄ አላውቅም» ብሎ ሲስቅብኝ ቆየና ተቀበለን። የውሃ ቱቦ እያጠፍን ሰባት ቀለበት ሠራን፤ እሱ ጨርቁ ውስጥ ሰፋቸው። ሲሄድ በእውነት ይሳባል፣ ይሰበሰባል፣ ይዘረጋል። ጭንቅላቱን ከአሮጌ ፍራሽ ስፖንጅ ቀረጽነው። አፉ ላይ የአጎበር ቁራጭ አደረግን፤ የለበሰው ሰው በዚያ ያያል፣ በዚያ ይተነፍሳል። ዓይኖቹን ግራና ቀኝ ለጠፍናቸው። ትል ነውና ዓይኑ ወደ ጎን ይሁን ብለን።

ለልምምድ የተወሰኑ ልጆች ሰብስበን ነበር። ትሉ በጎን በኩል ገባ። ስድስት ዓመት የማይሞላት አንዲት ልጅ ከፊት ብድግ አለች።

«ይሄማ ሰይጣን ነው!»

«ለምን?» አልኳት።

«አንድ ዓይን ነዋ!»

እኛ ትልልቆቹ ተያየን። ልጅቷ ልክ ነበረች። በቤተ ክርስቲያናችን ሥዕል ቅዱሳን ከነሁለት ዓይናቸው ፊት ለፊት ይሳላሉ። ሰይጣንና ክፉ ሰው ግን በጎን፣ በአንድ ዓይን ነው። ደብረ ብርሃን ሥላሴን አስባት። የጎንደር ልጅ በእናቱ ጀርባ ታዝሎ ቀና ሲል፣ ከጣሪያው ያ ሁሉ ባለ ክንፍ ፊት በሁለት ዓይኑ ቁልቁል ያየዋል። ልጅቷ ሥዕል ማንበብ የተማረችው ማንም ሳያስተምራት ነው። እኔ ያን ሁሉ ዓመት ሳስተምር ያልታየኝ ለእሷ በአንድ አፍታ ታያት። የዚያኑ ዕለት ማታ ዓይኖቹን ፈትቼ ሁለቱንም ከፊት ሰፋኋቸው። ከዚያ ወዲህ ትላችን ትንሽ እንቁራሪት እንቁራሪት አለ። ሰይጣን ያለው ግን የለም።

ይህን የምነግርህ ለሳቅ ብቻ አይደለም። ልጅ እንግዳ ልብስ ሲያይ የሚፈታው በሚያውቀው ነው። የተከራየው ድብ የሚመጣው ከልደት ቤት ነው። ልደት የሄደ ልጅ ድቡን ሲያይ ኬክ ነው የሚጠብቀው።

ከዓይኑ የባሰው ስህተት ደግሞ የራሴ ነው። በዚያው ዓመት መሰላል አቁመን በቡኒ ጨርቅ ሸፈንነውና ዛፍ አደረግነው። ትሉን የለበሰው የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነው፤ ሲበዛ ቀልደኛ። ሲወድቅ ይንከባለላል። እግሩን ያንቀጠቅጣል። «ወይኔ ወገቤ!» ይላል። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ጥግ ቆሜ እንደ ጅል ደስ ብሎኛል። በሰባተኛው ሲወጣ ግን ማን ይየው! ልጆቹ «ድገመው! ውደቅ!» እያሉ ይጮሃሉ። ያሬድ የሆነው ምስኪን ልጅ ዳዊቱን እንደታቀፈ ተረስቶ ቀረ። በማግሥቱ «ትናንት ምን ተማራችሁ?» ብዬ ጠየቅሁ። አንዱ ፈጠን ብሎ እጁን አወጣ።

«ትል ወገቡን ያመዋል።»

አንድ መሪጌታ ነበሩ። ከመጀመሪያውም ነገሩን አልወደዱትም። ያን ቀን በር ላይ ቆመው ሁሉንም አይተዋል። ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ አልተቆጡም። ጠርተው አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ። «ልጆቹ የሚስቁት በማን ነው?» አሉኝ። ዝም አልኩ። ምን እላለሁ? ያሬድ አይቶ ባፈረበት ትል ላይ ነው ያሳቅኋቸው።

በሚቀጥለው ክረምት ትሉን አፍ አሳጣነው። አይናገርም፣ አያቃስትም። ያሬድን ከጥግ አውጥተን መሃል አስቀመጥነው፤ በነጠላው ብቻ፣ ሌላ ልብስ የለም። ቆጠራውን ለልጆቹ ሰጠናቸው። ትሉ ሲወድቅ ልጆቹ «አንድ!» ይላሉ፣ ቀጥለው «ተነሥ!» ይላሉ። ያሬድ ደግሞ ከመዝሙረ ዳዊት መጀመሪያ አንድ ቃል ይጨምራል፤ «ብፁዕ» ይላል፣ ልጆቹ ይቀበላሉ። ትሉ ሁለተኛ ይወድቃል፤ «ብፁዕ ብእሲ»። እንዲህ እያለ «ብፁዕ ብእሲ ዘኢሖረ በምክረ ረሲዓን» ድረስ ይሄዳል። በስድስተኛው ያሬድ ሙሉውን ሊል ይሞክርና መሃል ላይ ይጠፋበታል። ይህን ልምምድ ላይ አላሰብነውም ነበር፤ ልጁ እውነት ጠፍቶበት ነው፣ እኛም ስላማረን እንዲቆይ አደረግነው። በሰባተኛው ትሉ ከላይ ሲደርስ አዳራሹ ሁሉ ጥቅሱን ከነ ግዕዙ በአንድ አፍ አለው። በሳምንቱ አንዲት እናት መንገድ አስቆመችኝ። የአምስት ዓመት ልጇ ደረጃ በወጣ ቁጥር «ብፁዕ ብእሲ» ይላል አለችኝ።

መሪጌታም መጥተው ነበር። አንዷን ቃል አነባበባችሁ ልክ አይደለም ብለው አርመውን ሄዱ። ስለ ትሉ እስከ ዛሬ አንድ ነገር ትንፍሽ አላሉም።

እንግዲህ ምክሬ እዚህ ላይ ነው። ልብስ የለበሰውን አስተማሪ አታድርገው። የማያውቀው እሱ ይሁን። የሚሳሳተው፣ የሚጠይቀው፣ የሚወድቀው እሱ ይሁን፤ ልጆቹ ያስተምሩት። የእምነቱን ቃል ልጆቹ ከሰው ፊት ይስሙ፤ ከአንተ፣ ከዲያቆኑ፣ ከእናታቸው። የበለዓምን አህያ አስታውስ፣ ዘኍልቁ 22 ላይ። አፍ አውጥታ የተናገረች እንስሳ ናት። ምን አለች? አልሰበከችም። «ሦስት ጊዜ ትመታኝ ዘንድ ምን አደረግሁብህ?» ብላ ጠየቀች እንጂ። መልእክቱን የተናገረው መልአኩ ነው።

ቀብድ ከፍላችሁ እንደሆነ ደግሞ ድቡን አትጣሉት፤ ገንዘብ ነው። እንግዳ አድርጉት። ድብ የሌለበት አገር የመጣ፣ ወጉን የማያውቅ እንግዳ። አዳራሹ በር ላይ ይቁምና የተደረደሩትን ጫማዎች እያየ ግራ ይጋባ። አንዱን አንሥቶ ያሽትት። ያኔ ልጆቹ ራሳቸው ይነግሩታል፤ ቤተ ክርስቲያን ሲገባ ለምን ጫማ ይወለቃል? ለሙሴስ ቁጥቋጦው ጋ ምን ተባለ? ሳያውቁ ትምህርቱን እነሱ ሰጡት ማለት ነው። የማያውቁት ላይ ሲደርሱ ዘወር ብለው አንተን ያዩሃል። የአንተ ተራ ያን ጊዜ ነው።

ጸሎት ግን አታስብለው። ለማሳቅ ተብሎ «አባታችን ሆይ» በስህተት አይባልም፤ እኔ በዚህ ላይ አልደራደርም። ጌታን፣ እመቤታችንን፣ ቅዱሳንን ጭምብል አልብሰህ አታቅርብ። ሰይጣንንም ተወው፤ ልጆቹ ካምፑን ትተው እሱን ነው ቤት ይዘው የሚሄዱት። ቆብና ቀሚስም ለቀልድ አይወጣም።

ስለ ሰርከሱ አባቶችን በክርክር አትርታቸው። ቡሄን አስታውሳቸው። ነሐሴ 13 የልጆች በዓል ነው ማለት ይቻላል። ጅራፉ ሲጮህ በደብረ ታቦር የተሰማው ድምፅ ነው እንላለን። ችቦው ብርሃኑ ነው። ሙልሙሉ ደግሞ በብርሃኑ ተታለው ከሜዳ ላልተመለሱት እረኞች ወላጆቻቸው ይዘው የወጡት ዳቦ ነው። ይህን ሁሉ ትምህርት ያስተማረን ማን ነው? ጅራፉን የገመድነው እኛ፣ «ሆያ ሆዬ» ብለን በየደጁ የጨፈርነው እኛ። መድረክ ላይ ሰው አቁመን አላየንም። ሰርከስ የሚሆነው ልጁ ተቀምጦ ሲያይ ነው። አባቶችን እንዲህ ብለህ አስረዳቸው፤ ከዚያ ደግሞ ልጆቹ ተቀምጠው እንዳይውሉ አድርግ፤ አለዚያ እውነታቸውን ነው።

የቀረው የእጅ ሥራ ነው። ልብሱን በልጆቹ ፊት ልበሱት፣ በፊታቸው አውልቁት። የኛ ትል መጨረሻ ላይ ጭንቅላቱን ሲያነሣ፣ ላብ ያጠመቀው ልጅ ወጥቶ ሁሉንም በስማቸው ሰላም ይላቸው ነበር። ምትሃቱ ይበላሻል ትሉኝ ይሆናል። አይበላሽም። በማግሥቱም እያወቁት «ትሉ መጣ!» ይላሉ። ውስጡ ግን ይሞቃል፤ የጎንደር ክረምት ብርድ ነው ብላችሁ አትታለሉ። ከ15 ደቂቃ በላይ አታቆዩት፤ ውሃ አዘጋጁለት። በአጎበር ቀዳዳ እያየ ስለሚሄድ ደግሞ ከጎኑ እጁን የሚይዝ ሰው ይኑር። አንድ ጊዜ ጭራውን የያዙት ልጆች ወደ ኋላ፣ እሱ ወደፊት ሲል፣ ሰባተኛው ቀለበት በእጃቸው ቀረ። ልብስ የለበሰ ሰው ከልጅ ጋር ብቻውን አይሁን፤ ማቀፍም ልጁ ራሱ ሲመጣ ብቻ ነው፣ ሰው እያየ።

በሐምሌ መጨረሻ ማድረጋችሁን ወድጄዋለሁ። ነሐሴ 1 ፍልሰታ ትገባለች። ልጆቹ ሊቆርቡ ሲሰለፉ እስከ ቀትር ውሃ አይቀምሱም። የዚያን ጊዜ ማንም ድብ አያስጨፍራቸው።

ጥያቄ፦ እኔ የወንጌላውያን አማኝ ነኝ፤ ጎንደር ማራኪ ሰፈር ነው የምንኖረው። ልጄ አምስት ዓመቱ ነው። በቤተ ክርስቲያናችን የልጆች ካምፕ አንበሳ የለበሰ ወጣት ነበር፤ በጣም ወደዱት። አሁን ማታ ሲጸልይ ለእኔና ለአባቱ ከጸለየ በኋላ «አንበሳዬ» እያለ ይቀጥላል። ደነገጥኩ። ወደ ጣዖት እየሄደብኝ ነው? ካምፑን ላስቀረው?

መልስ፦ እህቴ፣ አትደንግጪ። መጀመሪያ አንዲት ፊደል አጣሪ። ለአንበሳው ነው የሚጸልየው ወይስ ወደ አንበሳው? «ለአንበሳዬ ጤና ስጠው» ካለ ጓደኛውን ነው ያሰበው። እንዲያውም የለበሰው ወጣት ቢሰማ ደስ ይለዋል። «አንበሳዬ፣ ነገ ዝናብ አታድርግ» ካለ ግን ቁጭ ብላችሁ ማውራት አለባችሁ።

ሁለተኛው ከሆነ ደግሞ ጥፋቱን በልጁ ላይ አትጣዪው። ካምፑ ላይ ምን እንደተዘመረ ጠይቂ። የዮሐንስ ራእይ 5 ላይ ጌታ «ከይሁዳ ነገድ የሆነው አንበሳ» ይባላል። ይህን እየዘመሩ በዚያው ሰዓት ባለ ጎፈሩ ወጣት በር ከፍቶ ከገባ፣ ልጅሽ የሰማውንና ያየውን አንድ ላይ አሰረ እንጂ ምን አጠፋ? አምስት ዓመት ላይ ምሳሌ የሚባል ነገር የለም። አንበሳ ከተባለ ያው አንበሳው ነው። ሃይማኖታችን ይለያይ እንጂ በዚህ ላይ የኔ ትልና የናንተ አንበሳ ጣጣቸው አንድ ነው። ይልቅ የኔ ይሻላል፤ ልጅ ትል አይቶ ጌታ ነው አይልም። አንበሳ አስቸጋሪ ነው፤ ጴጥሮስ ደግሞ በመልእክቱ ዲያብሎስን እንደሚያገሣ አንበሳ ይለዋል። ለትንሽ ልጅ አንዱን ጎፈር ለሁለቱም ማልበስ ከባድ ነው።

ካምፑን አታስቀሪው። መሪዎቹን አነጋግሪና ወጣቱ አንድ ቀን ሻይ ሊጠጣ እናንተ ቤት ይምጣ። ልብሱን በፌስታል ይዞ፣ በራሱ ፊት። ልጁ ጎፈሩን ፌስታል ውስጥ አይቶ፣ ሰውየው ዳቦ ሲበላ አይቶ፣ ራሱ ይለየዋል። ማታ ምን ብሎ እንደሚጸልይ ጻፊልኝ።

ጥያቄ፦ የሦስት ዓመት የልጅ ልጄ አንድ ካምፕ መዝጊያ ላይ ትልቅ ጭንቅላት የለበሰ ሰው አይታ አለቀሰች። «ጠጋ በይ፣ ፎቶ እንነሣ» ብለው ገፏት። ከዚያ ወዲህ ብቻዋን አትተኛም። ሴት አያቷ «እንቢ ካለች እጠራዋለሁ» ትላታለች፣ ያኔ ዝም ትላለች። ምን ይሻላል?

መልስ፦ ጋሼ፣ መጀመሪያ እመቤቲቱን ያስቁሙልኝ። ዝም ያለችው ተኝታ አይደለም፤ ፈርታ ነው።

እኛ በአያ ጅቦ ነው ያደግን። ጎንደር ላይ ደግሞ ማታ ጅቡ እውነት ይጮህ ስለነበር ማስፈራሪያው ከውጭ ይታገዛል። ልማዱን አውቀዋለሁ፤ እኔም በልጆቼ ላይ አድርጌዋለሁ። ደግ አልነበረም።

የሦስት ዓመት ልጅ ጭምብል ቢፈራ የተለመደ ነው። ፊቱ ይስቃል ግን አይንቀሳቀስም። ዓይኑ አይርገበገብም። ድምፁ ከሌላ ቦታ ነው የሚመጣው። አስበውት ያውቃሉ? እኔ ትሉን ስለብስ ያየኝ የገዛ ወንድሜ እንኳ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ብሏል። ለዚህ ነው በኋላ ላይ ከአራት ዓመት በታች ያሉትን ከኋላ ከእናታቸው ጋር አስቀምጣቸው የነበረው። ማልቀስ የጀመረችን ልጅ ለፎቶ የሚገፋ ሰው ቢያገኙ ቆጣ ይበሉልኝ።

አሁን የሚያደርጉት ይኼ ነው። ካምፑ ያለው ጓንት ወይም አንድ እግር ካለ ይዋሱ። ጭንቅላቱን አይደለም። ወለል ላይ ያስቀምጡትና ቡናዎን ይጠጡ። አያምጧት፣ አይጥሯት። እርስዎ ጓንቱን አድርገው ሲኒውን ለማንሣት ይሞክሩ፤ ያቅትዎ፣ ያንሸራትትዎ። ስትስቅ መጥታ ጓንቱን ታወልቅልዎታለች። ምናልባት በመጀመሪያው ቀን አይሆንም። ጭንቅላቱን ለሌላ ሳምንት ያቆዩት፣ ያውም እሷ ከጠየቀች።

ለአዘዞው ልጅ የረሳሁት፦ ካምፑ ሲያልቅ የሰፋችሁት ነገር ካለ መጋዘን ወለል ላይ አትጣሉት። የኛን ትል አንድ ክረምት ከአሮጌ ምንጣፍ ጋር አስቀምጠነው አይጥ ግራ ዓይኑን በልታው አገኘነው። በሽቦ ከጣሪያ አንጠልጥሉት፤ ከዚያ በፊት ላቡን አጥባችሁ በፀሐይ አድርቁት፣ ጎንደር ላይ በነሐሴ ፀሐይ የወጣች ቀን ካገኛችሁ።